የገበያው ባለቤት ራሱ ነጋዴ ሲሆን
(ስለ ውድድር ሕግና ስለ ዲጂታል ገበያ አጭር ጥናት)

በውድድር ሕግ ትምህርት ከሁሉ አስቀድሞ መለየት ያለበት ነገር፣ ትልቅነትና በትልቅነት አላግባብ መጠቀም የተለያዩ መሆናቸው ነው። አንድ ነጋዴ በትጋቱና በዕቃው ጥራት ገበያውን ቢመራ ሕግ አይነቅፈውም። ጥፋት የሚሆነው፣ ያገኘውን የበላይነት የሌላውን ነጋዴ በር ለመዝጋት ሲያውለው ነው።

ይህ መሠረታዊ ሐሳብ የቆየ ቢሆንም በዲጂታል ገበያ ላይ ሲውል ሦስት ችግሮች ይገጥሙታል። እነዚህም፦

1ኛ/ ገዢ ሻጭ ወደ በዛበት፣ ሻጭም ገዢ ወደ በዛበት ስለሚሄድ፣ አንድ ጊዜ የደራው ገበያ ይበልጥ እየደራ፣ ሌላው ጭር እያለ ይሄዳል።

2ኛ/ ከተጠቃሚዎች የሚሰበሰበው መረጃ አገልግሎቱን ስለሚያሻሽለው፣ ዘግይቶ የመጣ ተወዳዳሪ ሊደርስበት ይቸግረዋል።

3ኛ/ አገልግሎቱ ብዙ ጊዜ ለተጠቃሚው ያለ ክፍያ ስለሚሰጥ፣ የበላይነትን በዋጋ መናር ብቻ መለየት አይቻልም።

ከዚህም በላይ የገበያው ባለቤት በዚያው ገበያ ሱቅ የከፈተ እንደ ሆነ፣ ዳኛም ተወዳዳሪም ይሆናል።

ለዚህ ጉዳይ የጉግል ነገር በቂ ምሳሌ ነው። በእንግሊዝ አገር አዳም ራፍና ሺቮን ራፍ የተባሉ ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ2006 ፋውንደም የተባለ የዕቃ ዋጋ የሚያነጻጽር አገልግሎት ከፈቱ። ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ አገልግሎታቸው በጉግል ፍለጋ ከፊተኞቹ ገጾች ጠፋ። በ2009 ለአውሮፓ ኮሚሽን አቤቱታ አቀረቡ፤ ሌሎች ድርጅቶችም ተመሳሳይ አቤቱታ አሰሙ።

ኮሚሽኑ ሲመረምር ጉግል የራሱን ዋጋ አነጻጻሪ ከላይ በጉልህ እንደሚያሳይ፣ ከተወዳዳሪዎቹ መካከል የተሻለ ደረጃ ያለው እንኳ በአማካይ በአራተኛው ገጽ ላይ እንደሚገኝ አረጋገጠ። በኮምፒውተር ከሚፈልጉ ሰዎች ምርጫ ከመቶ 95 ያህሉ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ስለሚያርፍ፣ አራተኛ ገጽ ለነጋዴ ከተዘጋ ሱቅ አይሻልም። ጉግል ለውጡን ያደረገው ለተጠቃሚው ጥቅም መሆኑን ጠቅሶ ቢከራከርም፣ ሰኔ 2017 እ.ኤ.አ. የ2.42 ቢሊዮን ዩሮ መቀጫ ተወሰነበት። የአውሮፓ የፍትሕ ፍርድ ቤትም በመስከረም 2024 የመጨረሻ ይግባኙን ውድቅ አድርጎ ውሳኔውን አጸናው።

ይሁን እንጂ ፋውንደም የተዘጋው በ2016 ነበር። ቅጣቱ ሲወሰን አገልግሎቱ ከጠፋ አንድ ዓመት፣ ፍርዱ ሲጸና ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

የአውሮፓ ኅብረት በ2022 የዲጂታል ገበያዎች ሕግን ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። አዲሱ ሕግ ጥፋት እስኪፈጸም አይጠብቅም፤ በወር ከ45 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ ያላቸውንና ሌሎች መመዘኛዎችን የሚያሟሉትን ድርጅቶች «በር ጠባቂ» ብሎ በመሰየም ግዴታቸውን አስቀድሞ ይደነግግባቸዋል። የራሳቸውን ዕቃ በደረጃ እንዳያስቀድሙ፣ የሻጮችን መረጃ ይዘው ከሻጮቹ ጋር እንዳይወዳደሩበት ይከለክላል። ሕጉን የጣሰ ድርጅት በዓለም ዙሪያ ካለው የዓመት ሽያጭ እስከ 10 በመቶ ሊቀጣ ይችላል።

በኢትዮጵያም በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 የገበያ የበላይነትን አላግባብ መጠቀምን ከልክሏል። ሆኖም ሕግ የሚረዳው ማስረጃ የያዘውን ነው። ስለዚህ ዕቃውን በሌላ ሰው ዲጂታል ገበያ የሚሸጥ ነጋዴ የውሉን ቃል በሚገባ ያንብብ፤ የደረጃውንና የሽያጩን መዝገብ ከነቀኑ ይያዝ፤ የደንበኞቹንም ሁሉ መንገድ በአንድ በር ብቻ አያድርግ። በሩን የሚዘጋው ሌላ ሰው እስከ ሆነ ድረስ፣ ሁለተኛ በር ማበጀት ከነጋዴ ብልኅነት ነው።