ሥራ ፈላጊና የመጀመሪያው እይታ

የሰው ልጅ ሌላውን ሰው ገና ሳያነጋግረው በዐይኑ ይመዝነዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. ጃኒን ዊሊስና አሌክሳንደር ቶዶሮቭ የተባሉ በአሜሪካ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የማይታወቁ ሰዎችን ፎቶግራፍ ለተማሪዎች ቢያሳዩ፣ አንድን ፊት ለሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ብቻ ማየት «ይህ ሰው ይታመናል» ወይም «አይታመንም» ለማለት በቃቸው። ይህ የችኮላ ፍርድ ሁልጊዜ ትክክል ነው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ሥራ ፈላጊ ሁሉ የሚያልፍበት በር ነው።

አቃቂ ቃሊቲ ከቀድሞ ጀምሮ የፋብሪካ አገር ነው። የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረትና የምግብ ማምረቻዎች ይገኙበታል፤ በቂሊንጦ የተቋቋመውም የኢንዱስትሪ ፓርክ በይበልጥ ለመድኃኒት ማምረቻ የታሰበ ነው። ከየትምህርት ቤቱና ከየማሠልጠኛው የሚወጡ ወጣቶችም ብዙ ቀጣሪዎችን በአንድ አዳራሽ በሚያገኙበት የሥራ ዐውደ ርእይ ዕድላቸውን ይሞክራሉ። በዚያ ሰልፉ ረጅም፣ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጊዜ ግን ጥቂት ደቂቃ ነው።

አንዳንዶች ለዚያች ቀን ሲሉ ተበድረው ሙሉ ልብስ ይገዛሉ፤ ሽቶም ይረጫሉ። እኛ የምንመክረው ሌላ ነው። የምግብ ወይም የመድኃኒት ፋብሪካ የአመልካቹን ጥፍር ቢመለከት ስለ ውበት አይደለም፤ ያ እጅ የሚነካው ነገር ወደ ሰው አፍ ስለሚገባ ነው። እንግዲህ ንጽሕና ጌጥ ሳይሆን የሥራው አንድ ክፍል ነው።

አንደኛ፣ ገላ። ላብ ከቆዳ ሲወጣ ብዙም አይሸትም፤ ጠረኑ የሚመጣው በብብት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሲለውጡት ነው። ስለዚህ ሽቶ ጠረኑን ይሸፍን እንደሆነ እንጂ ምንጩን አያስወግድም፤ ውሃና ሳሙና ግን ያስወግዳሉ። ከአቃቂ ከርሠ ምድር የሚወጣው ውሃ ለአዲስ አበባ ይታደላል፤ ሆኖም ቧንቧው በየቀኑ የማይፈስበት ቤት ብዙ ነው። ስለዚህ ውሃ በመጣ ዕለት አንድ ባልዲ ማስቀረት ይገባል፤ ግማሹ እንኳ ፊትን፣ ብብትንና እግርን ለመታጠብ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ አፍ። መጥፎ የአፍ ጠረን አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው በምላስ ላይና በጥርስ መካከል ከሚቀረው ቆሻሻ ነው። ጥርስን በብሩሽ ወይም በመፋቂያ ማጽዳት፣ ምላስንም መጥረግ ያስፈልጋል። የደረቀ አፍ ይበልጥ ስለሚሸት፣ ጾም ካልሆነ ቁርስ መብላትና ውሃ መጠጣት ይጠቅማል።

ሦስተኛ፣ ልብስና ጫማ። ታጥቦ የተተኮሰ አሮጌ ልብስ በብድር ከተገዛ አዲስ ልብስ አያንስም። የቃሊቲ መንገድ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ስለማያጣው፣ አንድ እራፊ ጨርቅ በኪስ ይዞ ከአዳራሹ በር ላይ ጫማን መወልወል መልካም ነው።

አራተኛ፣ እጅና ሳል። ጥፍር ይቆረጥ፤ እጅም ቢያንስ ለ20 ሰከንድ በሳሙና ይታሽ። የሚያስለው ሰው በክንዱ እጥፋት ይሸፍን። ሳሉ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ እንደሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራና ሕክምና በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ይሰጣል። ምርመራን መፍራት አይገባም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው በበቂ ምክንያት ሲጠይቅ ሠራተኛው የጤና ምርመራ እንዲያደርግ ያዛል፤ የኤች አይ ቪ ምርመራ ግን ከዚህ ግዴታ ውጭ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ንግግር ነው። ቀና ብሎ ሰላምታ መስጠት፣ ስምን አጥርቶ መናገር፣ የተማሩትንና ሊሠሩት የሚችሉትን በሦስት ዐረፍተ ነገር ማስረዳት ይበቃል። ያልሠሩትን ሠራሁ ማለት ንጹሕ ልብስን ያቆሽሻል።

መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁን ሁለት ሁለት አድርጋችሁ፣ አንዱን ቀጣሪ፣ ሌላውን አመልካች በማድረግ አለማምዷቸው። ንጽሕና የጎደለውን ተማሪ በጓደኞቹ ፊት አትገሥጹት፤ ለብቻው ጠርታችሁ ውሃና ሳሙና በቤቱ መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁት። ቀጣሪዎችም ድህነትን ከቆሻሻነት አይደባልቁ፤ ዐይን ቸኩሎ የፈረደውን ጆሮ ሰምቶ ሊያርመው ይገባልና።