ከካንሰር ሕክምና በኋላ የምርመራ ውጤት ሲጠበቅ ቤተሰብ ምን ማድረግ ይገባዋል?

እናቶች ሆይ፤ ከካንሰር ወይም በቀድሞ ስሙ ከነቀርሳ የታከመ ሰው፥ ሕክምናው ሲያልቅ ሐሳቡ አብሮ አያልቅለትም። በየጊዜው እየተቀጠረ ይመረመራል፤ ከተመረመረም በኋላ ውጤቱን ይጠብቃል። ይህ የመጠበቅ ጊዜ ለብዙዎች ከመርፌውም ከመድኃኒቱም ይከብዳል። በአገራችን ሴቶችን አብዝተው የሚይዙት የጡት ካንሰርና የማሕፀን በር ካንሰር ናቸው። ስለዚህ ነገሩ የእናቶች ነው፤ የእናት ነገር ደግሞ የቤቱ ሁሉ ነገር ነው።

፩. ክትትል ለምን ያስፈልጋል?

ካንሰር ከታከመ በኋላ በዓይን የማይታይ ቅሬታ ሊኖረው ይችላል። ተመልሶ የሚመጣ ከሆነ፥ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ዓመታት ውስጥ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ በመጀመሪያ በየ3 እስከ 6 ወር፥ ኋላም እስከ 5 ዓመት ድረስ በየ6 ወር ወይም በዓመት አንድ ጊዜ ይቀጥራል፤ ቀጠሮው እንደ በሽታው ዓይነት ይለያያል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ቀጠሮ ተሰጠ ማለት በሽታው ተመለሰ ማለት አይደለም። የታከመ ሁሉ የሚያልፍበት ደንብ ነው።

፪. ሥጋት ምን ያደርጋል?

ቀጠሮው ሲቃረብ እንቅልፍ ይጠፋል፤ ልብ ይመታል፤ እህል አልወርድ ይላል። ትንሽ ራስ ምታት ወይም የወገብ ሕመም ሲመጣ «ያው ተመለሰብኝ» ያሰኛል። ይህ በታከሙ ሰዎች ሁሉ ዘንድ የተለመደ ነው፤ የእምነት ማነስም የልብ ድካምም አይደለም። ፍርሃት ብቻውን የበሽታ ምልክት አይሆንም።

ጉዳቱ የሚመጣው ሥጋት ከቀጠሮ ሲያስቀር ነው። አንዲት እናት ከጎጃም ተነሥታ አውቶቡስ ተራ ወረደች እንበል። ሲኒማ ራስ አካባቢ ካለ አልጋ ቤት ገብታ ታድራለች። የመርካቶ ጫጫታ፥ የመኪናው ጥሩምባና የተሸካሚው ጩኸት ሳይሆን የነገው ወረቀት እንቅልፍ ይነሣታል። ሲነጋ «ባላውቀው ይሻለኛል» ብላ ወደ አገሯ ትሳፈራለች። ውጤቱ ደኅና ከነበረ፥ ወራቱን በከንቱ ተጨነቀች። ደኅና ካልነበረም፥ በቶሎ ሊታከም የሚችለው ነገር ጊዜ አገኘ። በሁለቱም በኩል የተጎዳችው እርሷ ናት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚባለው ለዚህ ነው።

፫. ውጤቱ ለምን ይዘገያል?

ከሰውነት የተወሰደ ናሙና በአንድ ቀን አይነበብም። መጀመሪያ እንዳይበላሽ በመድኃኒት ውስጥ ይቆያል፤ ቀጥሎ በሰም ውስጥ ይያዛል፤ ከዚያ እጅግ ስስ ሆኖ ይቆረጣል፤ ቀለም ይቀባል፤ በመጨረሻ ባለሙያው በማጉያ መሣሪያ ያየዋል። ይህ ሁሉ ቀናት ይፈልጋል፤ ናሙና በሚበዛበት ሆስፒታልም ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ «የዘገየው ክፉ ነገር ቢገኝ ነው» ብላችሁ አትተርጉሙት።

እንደ ገና «ድገሚ» ቢባልም ቶሎ አትደንግጡ። የቀዶ ሕክምና ጠባሳ፥ ከጨረር የቀረ እብጠት ወይም ሌላ ቁስለት በራጅና በአልትራሳውንድ ላይ ጥርጣሬ ሊያስነሣ ይችላል። ሐኪሙ የሚያስደግመው ለማረጋገጥ ነው።

፬. ለመንገዱ እንዴት እንዘጋጅ?

የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በአገራችን የጨረር ሕክምና የሚገኝበት ብቸኛ ቦታ ነበር። ዛሬ ሕክምናው እንደ ጅማ ባሉ ሌሎች ከተሞችም ይሰጣል። ክትትሉ ለመንደራችሁ በሚቀርብ ሆስፒታል ይሆን እንደ ሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። ወደ አዲስ አበባ መምጣት ግድ ከሆነ ግን፦

ሀ) ብቻችሁን አትምጡ። ባል፥ ልጅ ወይም እኅት አብሮ ይግባ፤ የፈራ ሰው የሐኪሙን ቃል ግማሹን አይሰማም።

ለ) ከቀጠሮው አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ። ከአውቶቡስ ተራ እስከ ጥቁር አንበሳ ሩቅ አይደለም፤ ሌሊት ተጉዞ በቀጥታ መሰለፍ ግን ድካሙን በፍርሃት ላይ ይጨምረዋል።

ሐ) ካርዱንና የቀድሞውን ውጤት በላስቲክ ጠቅልላችሁ፥ ከገንዘቡ ለይታችሁ ያዙ። ገንዘብ ቢሰረቅ ይተካል፤ የቀድሞ ወረቀት ግን ለመተካት ያደክማል።

መ) የምትጠይቁትን ሦስት ነገር በወረቀት አጽፉ፦ ምን ተገኘ? ቀጥሎ ምን ይደረጋል? መቼ ልመለስ? የስልክ ቁጥርም ጠይቁ፤ ውጤቱ ሳይደርስ በከንቱ እንዳትመጡ ይረዳችኋል።

ማረፊያ ለቸገራቸው፥ በ1996 ዓ.ም. የተቋቋመው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከገጠር ለሚመጡ ሕሙማን ድጋፍ ያደርጋል፤ በሆስፒታሉ ጠይቁ።

፭. በቤት ውስጥ

ካንሰር በመብል፥ በመጠጥ ወይም በመተቃቀፍ አይተላለፍም። ስለዚህ የእናቲቱን ሳሕንና ኩባያ መለየት ንጽሕና አይደለም፤ ልብን ማቁሰል ነው። ከውጭ በመሣሪያ የተሰጠ ጨረርም በሰውነት ውስጥ አይቀርም፤ ልጇን ትቀፍ፤ ከቤተሰቡ ጋር በአንድ መሶብ ትብላ። ንጽሕናውስ ለሁሉም ነው፦ እጅን በሳሙና መታጠብ፥ ውኃን አፍልቶ መጠጣት፥ ምግብን በደንብ ማብሰል። በተለይ የኬሞ መድኃኒት የምትወስድ እናት በሽታን የመቋቋም ኃይሏ ስለሚቀንስ፥ ይህ ነገር ሊጓደል አይገባም።

አባወራዎችና ልጆች ሆይ፤ «እንዳትደነግጥ እንደብቃት» አትበሉ። በሹክሹክታ መካከል የተቀመጠች እናት ከእውነቱ የከፋ ነገር ታስባለች። እውነቱን በለሰለሰ ቃል ንገሯት። «አይዞሽ፥ ምንም የለም» ከማለትም «ምኑ ነው የሚያስፈራሽ?» ብሎ ማድመጥ ይሻላል።

እናቲቱም ሐሳቧን ቀኑን ሙሉ አትሸከመው። በቡና ሰዓት ለምታምናት ጎረቤት ታጫውታት፤ ከዚያ በኋላ እጇን ከሥራ ታግባ፤ ጥጥ ትፍተል፥ ጓሮ ትኮትኩት። ማታ ቡና ይቅርባት። ልቧ ሲመታ ቀስ ብላ በአፍንጫዋ ትተንፍስ፤ አየሩንም በረጅሙ ታስወጣ፤ ይህን ብዙ ጊዜ ትድገመው። እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት ከጠፋ፥ ወይም «ምነው በሞትኩ» የሚል ሐሳብ ከመጣ፥ በቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት፤ ለዚህም ሕክምና አለው።

፮. ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ምልክቶች

አዲስ እብጠት፥ ከማሕፀን ያለ ጊዜው የሚፈስ ደም ወይም የሚሸት ፈሳሽ፥ የማይለቅ የአጥንት ሕመም፥ የማይቆም ሳል ወይም የትንፋሽ እጥረት፥ ያለ ምክንያት መክሳት፥ የአንድ እግር ማበጥ ከታየ ቀጠሮው እስኪደርስ አትቆዩ። በኬሞ ላይ ያለች እናት ትኩሳት ከያዛት በዚያው ቀን ትታይ።

፯. ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጸበል እየተጠመቅሁ መድኃኒቱን ልተወው?
መልስ፦ አትተዊው። ጸሎቱም ጸበሉም ልብን ያበረታል፤ መድኃኒቱና ቀጠሮው ግን አይቋረጡ። ስለ ጾሙም ከንስሐ አባትሽ ጋር ተመካከሪ።

ጥያቄ፦ ውጤቱ ክፉ ቢሆንስ?
መልስ፦ ያን ጊዜም የሚሠራ ሥራ አለ። አንዳንዱ እንደ ገና ታክሞ ይድናል፤ አንዳንዱ በመድኃኒት ለዓመታት ይኖራል፤ ሕመምን የሚያስታግሥ ሕክምናም አለ። ይህ ሁሉ የሚጀመረው ግን ወረቀቱ ሲታወቅ ነው።

ስለዚህ እናቶች ሆይ፤ ፍርሃቱ ቢመጣም የቀጠሮው ቀን አይለፍ። ዛሬውኑ ካርዱን አውጡና ቀኑን አስነብቡ፤ ማን አብሮ እንደሚሄድም ከወዲሁ በቤት ተነጋገሩ።