የሚጥል ሕመም ያለባቸው ወገኖቻችንና የማኅበረ ምእመናን ድርሻ

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 አንድ አባት ከሕፃንነቱ ጀምሮ የታመመ ልጁን ወደ ጌታ እንዳመጣ ተጽፏል። መምህራን ይህን ምንባብ ሲያስተምሩ ስለ እምነትና ስለ ጸሎት ኃይል አብዝተው ይናገራሉ፤ መልካም ነው። ነገር ግን በዙሪያው የቆሙት ሰዎች ምን ያደርጉ እንደ ነበር መመርመርም ይገባል። ጸሐፍት ከደቀ መዛሙርት ጋር ይከራከሩ ነበር፤ ልጁ እንደ በድን በሆነ ጊዜም ብዙዎች ሞቷል አሉ። እጁን ይዞ ያስነሣው ግን ጌታችን ነው።

እዚህ ላይ፥ የሚጥል ሕመም ያለበት ሁሉ ርኩስ መንፈስ አለበትን? ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። በዚያ ልጅ ላይ የነበረውን የገለጠ ልብንና ኵላሊትን የሚመረምር አምላክ ነው፤ እኛ ግን በወደቀው ሁሉ ላይ እንዲህ ብለን እንድንፈርድ አልታዘዝንም። ደግሞም ማቴዎስ ወንጌላዊ በምዕራፍ 4 ቍጥር 24 የተፈወሱትን ሲቈጥር አጋንንት ያደሩባቸውንና በጨረቃ የሚነሣባቸውን ለየብቻ ጠቅሷል። ይህ ልዩነት በከንቱ የተጻፈ አይደለም።

ሐኪሞች እንደሚያስረዱት ሕመሙ የአንጎል ነው። በወሊድ ጊዜ የደረሰ ጉዳት፥ በራስ ላይ ያረፈ ምት፥ ማጅራት ገትር፥ ወደ አንጎል የወጣ ወባ ያመጡታል፤ ምክንያቱ የማይታወቅበትም ጊዜ ብዙ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በቡታጅራ አካባቢ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው ጥናት ከ1000 ሰው 5 ያህሉ ይህ ሕመም እንዳለባቸው ተገልጧል። እንግዲህ ብዙ ምእመናን ባሉት ደብር እንዲህ ያለ ሰው አይታጣም፤ ካልታየም ቤተ ሰቡ ሸሽጎት ይሆናል።

ከሕመሙ ይልቅ የሚያሳዝነው የእኛ ፍርሃት ነው። አረፋው የነካው ይያዛል እየተባለ ሰው ይሸሻል፤ በምድጃ ላይ የወደቀችውን ሴት የሚያነሣት ጠፍቶ እጇና ፊቷ ይቃጠላል። በጠበል ቦታ የሚያገለግል ካህን ይህን ጠባሳ ያውቀዋል። ክብሪት ጭሮ ማሽተት ጥቅም የለውም፤ ማንኪያ በአፍ መክተትም ጥርስ ይሰብራል። የሚገባው እሳቱን ማራቅ፥ ከራሱ በታች ነጠላ አጥፎ ማኖር፥ መንፈራገጡ ሲተወው በጐኑ ማስተኛት፥ እስኪነቃም አጠገቡ መቈየት ነው። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ግን ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ያስፈልጋል።

ስለ መድኃኒት ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን የፈጠረ፥ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር እንደ ሆነ አስተምሯል። ፌኖባርቢታል የተባለው መድኃኒት ለዚህ ሕመም እንደሚጠቅም ከታወቀ ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙዎችን ረድቷል፤ ነገር ግን በየቀኑ ሳይቋረጥ የሚወሰድ ነው። ጠበል ልጠመቅ ብሎ በድንገት የተወው ሰው ሕመሙ በላይ በላዩ ተነሥቶበት ሊሞት ይችላል። ስለዚህ የንስሓ አባት መድኃኒቱን በጠበሉ እንዲውጠው ይምከረው። ፍትሐ ነገሥትም በአንቀጽ 15 ለሕመምተኛ በጾም ነገር ይራራለታል። እንቅልፍ ማጣት ሕመሙን ስለሚቀሰቅስ እንዲህ ያለውን አገልጋይ ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት ካልቆምህ ማለት አይገባም።

በጽዋ ማኅበር ደግሞ ሕመምተኛው ከበሩ አጠገብ ለብቻው ሲቀመጥ፥ ከእርሱ ቀጥሎ ለመጠጣትም የሚጠየፍ ሲኖር ይታያል። እንዲህ በሆነበት ማኅበር ሙሴው ራሱ ከሕመምተኛው አጠገብ ይቀመጥ፤ ጽዋውንም ከእጁ ይቀበል።