በጡረታ ዘመን በባሕር ማዶ የወደብ ከተማ መኖሪያ ስለ መምረጥ
ለነጋዴዎች የሚጠቅም ትምህርት

ሠላሳና አርባ ዓመት ሙሉ ሱቁን በማለዳ ሲከፍትና ማታ ሲዘጋ የኖረ ነጋዴ የንግድ ፈቃዱን መልሶ ማረፍን የሚያስብበት ጊዜ መምጣቱ አይቀርም። በአዲስ አበባ ምዕራባዊ በር፥ በአምቦ መንገድ ላይ በሳንሱሲ የሚኖር ነጋዴም ከዚህ ሐሳብ ውጭ አይደለም። የክረምቱ ብርድ በጉልበቱ ላይ ሲጠናበት፥ ዕቃው ለብዙ ዘመን ሲራገፍበት የነበረው ሞቃት ወደብ ትዝ ይለዋል። አንዱ ጅቡቲን፥ ሌላው ሞምባሳን፥ ሌላው ዱባይን ያስባል።

ሳንሱሲ የሚለው ስም ድምፁ «ያለ ሐሳብ» የሚል ትርጉም ካለው የፈረንሳይኛ ቃል ጋር አንድ ነው። የፕሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ፍሬድሪክም እ.ኤ.አ. ከ1745 እስከ 1747 በፖትስዳም ለማረፊያው ያሠራውን ቤተ መንግሥት በዚሁ ስም ጠርቶታል። ነገር ግን ያለ ሐሳብ መኖር ቦታ በመለወጥ ብቻ አይገኝም። ነጋዴ ዕቃ ከማዘዙ በፊት የፋብሪካውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የመርከቡን፥ የመድኑን፥ የወደቡንና የቀረጡን ወጪ ደምሮ መጋዘኑ ሲደርስ የሚያወጣውን ዋጋ እንደሚያውቅ ሁሉ፥ የጡረታ መኖሪያንም በዚሁ ዓይን ሊመዝነው ይገባል።

1ኛ፤ ስለ መኖሪያ ፈቃድና ስለ ርስት

ለጉብኝት መግባትና ለመኖር መቀመጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኢትዮጵያዊ ለአጭር ጊዜ ጉብኝት ወደ ኬንያ ያለ ቪዛ ይገባል። በጡረታ ለመኖር የሚፈልግ ግን የተለየ የመኖሪያ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ለዚህ ፈቃድ አመልካቹ ቢያንስ 35 ዓመት የሞላው፥ በዚያ አገር ሥራ የማይሠራና በዓመት ቢያንስ 24,000 ዶላር የተረጋገጠ ገቢ ያለው እንዲሆን ይጠየቃል። ይህ ገንዘብ አንዱ ዶላር በ130 ብር ቢታሰብ በዓመት 3,120,000 ብር፥ በወር 260,000 ብር ይሆናል። ከኪራይ ይህን ያህል የማያገባ ሰው ሞምባሳን ገና ከጅምሩ ከዝርዝሩ ቢያወጣት ድካሙን ያተርፋል።

ዱባይ እ.ኤ.አ. በ2020 ዕድሜያቸው 55 ዓመት ለሞላ ጡረተኞች የአምስት ዓመት የመኖሪያ ፈቃድ መስጠት ስትጀምር፥ በወር 20,000 ድርሃም ገቢ ወይም 1,000,000 ድርሃም ተቀማጭ ጠይቃ ነበር፤ ቤት ለሚገዛም ሌላ መንገድ ነበረው። ፈቃዱ በየጊዜው የሚታደስ ስለ ሆነ፥ በ60 ዓመቱ የገባ ሰው በ65፥ በ70 እና በ75 ዓመቱም ያንኑ መስፈርት ማሟላት እንደሚኖርበት መዘንጋት የለበትም።

ስለ ርስትም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት የውጭ ዜጋ መሬት በሊዝ ብቻ፥ ያውም ከ99 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ እንዲይዝ ይፈቅዳል። ቤት ሲሸጥለት «የዘለዓለም ርስት ነው» የተባለ ሰው ሻጩን ሳይሆን የሕግ ባለሙያን ይጠይቅ። ከሊዙ ዘመን ስንቱ እንደ ቀረ ማወቅም ግድ ነው፤ 20 ዓመት የቀረው ሊዝና 90 ዓመት የቀረው ሊዝ አንድ ዋጋ ሊኖራቸው አይችልም።

በውጭ አገር የመኖሪያ ፈቃድ ማግኘት ዜግነትን አያስቀርም። የውጭ ዜግነት መውሰድ ግን ሌላ ነው፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደሚያጣ ይደነግጋል። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ልዩ ልዩ መብቶችን ቢሰጥም፥ ትውልደ ኢትዮጵያዊ መሆንና ዜጋ መሆን በሕግ ፊት አንድ አይደሉም።

2ኛ፤ ስለ ገንዘብ

ደመወዝተኛ በጡረታ ሲወጣ አሠሪው ሲከፍል የኖረው 11 በመቶና ራሱ ሲያዋጣ የኖረው 7 በመቶ በየወሩ ተመልሶ ይደርሰዋል። ነጋዴ ግን ይህን መዋጮ ለሠራተኞቹ ሲከፍል ይኖርና ለራሱ ሳያስብ ያረጃል። አብዛኛውን ጊዜ ጡረታው የሚያከራየው ቤትና በባንክ ያስቀመጠው ብር ነው። እንግዲህ ገቢው በብር፥ ወጪው በውጭ ገንዘብ ሲሆን ምን ሊደርስበት እንደሚችል ከዚህ ቀጥሎ ያለው ሒሳብ ያሳያል።

በሳንሱሲ ከሚያከራያቸው ቤቶች በወር 57,000 ብር የሚያገኝ ነጋዴ አለ እንበል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት፥ የአንድ ዶላር የባንክ ዋጋ 57 ብር ገደማ ስለ ነበረ ኪራዩ 1,000 ዶላር ያህል ይሆን ነበር። ዓመት ሳይሞላ ዋጋው ከ114 ብር አለፈ። ያው ኪራይ 500 ዶላር እንኳ አልሞላም ማለት ነው። ተከራዩ አልወጣም፤ ቤቱ አልፈረሰም፤ ገቢው ግን በውጭ አገር ለሚኖር ሰው ግማሽ ሆነ።

«ኪራዩን እጨምራለሁ» የሚል መልስ ቢሰጥም ወሰን አለው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ የኪራይ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን፥ ጭማሪውም በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ መንግሥት በሚወስነው መጠን እንዲደረግ አዟል። የምንዛሪ ዋጋ በየቀኑ ሲለወጥ ኪራይ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይለወጣል፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የሚሸከመው በወደቡ ከተማ ተቀምጦ ኪራዩን የሚጠብቀው ሽማግሌ ነው።

ከዚህም በላይ፥ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ማለት ካፒታልን እንደ ልብ ወደ ውጭ ማውጣት ተፈቀደ ማለት አይደለም። በብር የተጠራቀመ ሀብት ወደ ውጭ አገር ቤት የሚለወጠው በባንክ ሕግ መሠረት ብቻ ነው። በጥቁር ገበያ መንዝሮ ቤት የገዛ ሰው ገንዘቡን ሊያስረዳ የማይችልበት ቀን ይመጣል፤ የመኖሪያ ፈቃድ ሰጪውም፥ የባሕር ማዶው ባንክም «ገንዘቡ ከየት መጣ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም።

የመድረሻውን አገር ገንዘብ ጠባይ ማወቅም ያስፈልጋል። የጅቡቲ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ አንዱ ዶላር በ177.721 ፍራንክ ተተምኖ የጸና ነው። ይህ ጽናት የዶላር ገቢ ላለው መልካም ነው፤ የብር ገቢ ላለው ግን ዶላር ሲወደድ ጅቡቲም አብራ ትወደድበታለች።

3ኛ፤ ስለ አየርና ስለ ጤና

ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ባለ ደጋ የኖረ ሰውነት ወደ ባሕር ጠረፍ ሲወርድ ብርዱ ይቀርለታል፤ ሌላ ሸክም ግን ይጨመርበታል። በጅቡቲ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ሞምባሳ ይህን ያህል ባትግልም አየርዋ እርጥብ ነው። ሽንት የሚያበዛ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው በሙቀት አገር ውሃና ጨው ቶሎ ሊጎድልበት ስለሚችል፥ ከመሄዱ በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት። ወባም አለች፤ የደጋ ሰው ወባን እየለመደ ስላላደገ ስትይዘው ትጠናበታለች።

ከሁሉ በላይ የሚታየው ሐኪም ቤት ነው። ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ በዓደንና በሐረር ንግድ ሲሠራ ቆይቶ፥ ጥሪት ይዞ አገሩ ገብቶ ለማረፍ ያስብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1891 ጉልበቱን ሲታመም በሐረር የሚያድነው አላገኘምና በቃሬዛ ወደ ዘይላ ወደብ ወረደ፤ ከዚያ በመርከብ ተሻግሮ ማርሴይ ሲደርስ እግሩ ተቆረጠ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በ37 ዓመቱ ሞተ። ዘመኑ ቢለወጥም ትምህርቱ አልተለወጠም፤ መኖሪያ ሲመረጥ ከባሕሩ ርቀት ይልቅ ከልብና ከኩላሊት ሐኪም ያለው ርቀት በቅድሚያ ይለካ። የጤና መድንም ከስንት ዓመት ዕድሜ በኋላ እንደማይቀበል በጽሑፍ ይጠየቅ።

4ኛ፤ ስለ መንግሥታት ግንኙነት

ለብዙ ዘመን ምጽዋና አሰብ ለደጋው ነጋዴ የባሕር ማዶ አልነበሩም። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ መንግሥት ስትሆን ግን በዚያ የነበረው ቤት በሌላ አገር የሚገኝ ቤት ሆነ። በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ በአሰብ የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያንም፥ በኢትዮጵያ የነበሩ ብዙ ኤርትራውያንም፥ ዘመናቸውን ሙሉ ያፈሩትን ቤትና ሱቅ ትተው ድንበር ተሻገሩ። ሁለቱ መንግሥታት የሰላምና የወዳጅነት መግለጫ የፈረሙት ከሃያ ዓመት በኋላ፥ በ2010 ዓ.ም. ነው። በ60 ዓመቱ ቤቱን ያጣ ሰው ሃያ ዓመት ሊጠብቅ አይችልም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት በጎረቤት አገር አይኑሩ የሚል አይደለም። ያለውን ሀብት ሁሉ በአንድ ባሕር ማዶ ከተማ አታኑር የሚል ነው። ነጋዴ ዕቃውን ሁሉ በአንድ መርከብ አይጭንም።

5ኛ፤ ስለ ውክልናና ስለ ውርስ

በውጭ የሚኖር ሰው ኪራይ የሚሰበስብለት፥ ግብር የሚከፍልለት ወኪል ያስፈልገዋል። ውክልናው ሁሉንም ነገር የሚያጠቃልል ከሚሆን ይልቅ ኪራይ ለመሰብሰብ፥ ግብር ለመክፈል፥ ቤት ለማደስ ተብሎ በዝርዝር ቢጻፍ ይሻላል፤ መሸጥና በመያዣ ማስያዝ ካልተፈለገም ሳይጠቀስ መቅረት አለበት። በውጭ አገር የሚሰጥ ውክልና በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ይፈጸማል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፥ በሌላ አኳኋን ስምምነት ካልተደረገ በቀር፥ ውክልና ወካዩ ሲሞት ያበቃል። ባሏ በሞምባሳ የሞተባት ሴት በማግስቱ በውክልናው ኪራይ ልሰብስብ ብትል አይሆንላትም፤ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት እስክታወጣ መጠበቅ ግድ ይሆንባታል። ስለዚህ ሚስት በስምዋ ለአንድ ዓመት የሚበቃ ተቀማጭ ቢኖራት፥ የቤቱ ካርታና የጋብቻ ማስረጃም የት እንዳለ ብታውቅ መልካም ነው።

6ኛ፤ ስለ እድርና ስለ ጎረቤት

በሒሳብ መዝገብ የማይገባ ሀብትም አለ። በሳንሱሲ ሠላሳ ዓመት እድር የከፈለ ሰው ቢታመም የሚጠይቀው፥ ቢሞት ድንኳን የሚተክልለትና ለቤተሰቡ ንፍሮ ይዞ የሚመጣ ሕዝብ አለው። በወደቡ ከተማ ግን ጎረቤቱ ስሙን እንኳ አያውቅም። ከባልና ሚስት አንዱ ቀድሞ ሲሞት፥ የቀረው ሰው በማያውቀው ቋንቋ ብቻውን ይቀራል። ስለዚህ የሚሄድ ሰው ከእድሩ ከመውጣት ይልቅ መዋጮውን እየላከ አባልነቱን ቢያጸና፥ አስከሬን ወደ አገር ለማስመለስ የሚበቃ ገንዘብም ለይቶ ቢያኖር ይመረጣል።

ከላይ የተጠቀሰው ንጉሥ ፍሬድሪክ በሳንሱሲ ቤተ መንግሥቱ ሰገነት ላይ እንዲቀበር በኑዛዜው አዝዞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1786 ሲሞት ግን ወራሹ በሌላ ቦታ አስቀበረው፤ ፈቃዱ የተፈጸመው ከ205 ዓመት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። የንጉሥ ቃል ይህን ያህል ከዘገየ፥ ተራው ሰው ኑዛዜውን በሚገባ ጽፎ ቢያስቀምጥ ምንኛ ይሻለው!

7ኛ፤ ናሙና ስለ ማየት

ናሙና ሳያይ ሙሉ ጭነት የሚያዝ ብልህ ነጋዴ የለም። እንግዲህ በባሕር ማዶ ለመኖር የቆረጠ ሰው የሳንሱሲ ቤቱን ሳይሸጥ፥ በሚመርጠው ከተማ አንድ ዓመት ተከራይቶ ይሞክር። ከተማዋንም በመልካሙ ወራት ሳይሆን በክፉው ወራት ይያት፤ ጅቡቲን በሐምሌ፥ ሞምባሳን በሚያዝያና በግንቦት ዝናም። ጅቡቲ ለመሄድ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ስላለ፥ ሙከራው ከፍተኛ ወጪ አይጠይቅም።

ከሙከራው በኋላ የፈለገው ውሃና ሙቀት ብቻ እንደ ነበረ የተረዳ ሰው ድንበር መሻገር አያስፈልገውም። በጣና ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ባሕር ዳር፥ 1,700 ሜትር ገደማ ያላት ሐዋሳና ለአዲስ አበባ ቅርብ የሆነችው ቢሾፍቱ ከሳንሱሲ ይሞቃሉ፤ ገቢውም ወጪውም በብር ይሆናል፤ እድሩም አይቀርም።

ከመወሰን በፊት የሚመለሱ ጥያቄዎች

ነጋዴው ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን ጥያቄዎች ከባለቤቱ ጋር ተቀምጦ በወረቀት ይመልስ። ብር በግማሽ ቢወርድ በዚያ ከተማ መኖር እንችላለን? የመኖሪያ ፈቃዱ በ75 ዓመታችን ይታደስልናል? በሌሊት ብንታመም ስንት ሰዓት ውስጥ ሐኪም እናገኛለን? ድንበር ቢዘጋ በአገር ቤት የምንገባበት ቤት ቀርቶልናል? ከሁለታችን አንዳችን ብንሞት የቀረው ሰው በዚያ መኖር ይወዳል?

ለአምስቱም «አዎን» ብሎ የመለሰ ይሂድ፤ መልካም ዕረፍት ይሁንለት። በአንዱ እንኳ የተጠራጠረ ግን ጥርጣሬው እስኪጠራ የቤቱን ቁልፍ ለገዢ አይስጥ። ዕቃ በኪሳራ የገዛ ነጋዴ በሚቀጥለው ዓመት ሊያካክሰው ይችላል፤ በጡረታ ዘመኑ የከሰረ ሰው ግን የሚያካክስበት ዓመት የለውም።