ምዕራፍ ስድስት፦ ከኪሎ ሜትሩ በፊት መሬቱን ይምረጡ

በአዲስ አበባ በጀሞ፣ በለቡና በላፍቶ በማለዳ የሚሮጥ ሰው እየበዛ ነው። አብዛኛው ግን ከደጁ ወጥቶ የአስፋልቱን ዳር ይዞ ነው የሚሮጠው፤ ሰኞም እዚያው፣ ሐሙስም እዚያው፣ ቅዳሜም እዚያው። ፍጥነቱም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ድካም ለማውጣት ይበዛል፣ ጉልበት ለመጨመር ያንሳል። ጥቂት ወራት እንደቆየ ጉልበቱ ወይም ቅልጥሙ ማመም ሲጀምር ጫማውን ይወቅሳል፣ ዕድሜውን ይወቅሳል። የሮጠበትን መሬት ግን አይጠረጥርም።

የአገራችን አትሌቶች የዕለቱን ልምምድ የሚጀምሩት ቦታ ከመምረጥ ነው። ጎሕ ሳይቀድ በክለብ ሰርቪስ ተጭነው አንድ ቀን ወደ እንጦጦ ወይም ሱሉልታ፣ ሌላ ቀን ወደ ሰንዳፋ ወይም ሰበታ፣ ሌላ ቀን ደግሞ ወደ አቃቂ ይሄዳሉ። ነዳጅና እንቅልፍ የሚያወጡት ያለምክንያት አይደለም፤ እያንዳንዱ ቦታ የሚሰጠው ጥቅም የተለየ ነው። የዚህ ምዕራፍ ምክርም ይኸው ነው፦ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሮጡ ከመወሰንዎ በፊት ምን ዓይነት መሬት ላይ እንደሚሮጡ ይወስኑ።

ሦስቱ መሬቶች

ጫካና ሣር ለቀላል ቀን ነው። አትሌቶች በባሕር ዛፍ መካከል ሲሮጡ አንዱ ከሌላው ኋላ ተሰልፈው፣ የፊተኛውን እግር እየተከተሉ፣ ግራና ቀኝ እየተጠማዘዙ ይሄዳሉ። ሥሩ፣ ጉድጓዱና መታጠፊያው ፈጣኑን ሰው ሳይወድ በግዱ ያዘገዩታል። እግር በየርምጃው በተለያየ አቅጣጫ ስለሚያርፍም ጫናው በአንድ ጅማትና በአንድ አጥንት ላይ አይደጋገምም። በሣርና በጭቃ መሮጥ ፍጥነት ይገድላል ብለው የሚሰጉ ካሉ ቀነኒሳ በቀለን ያስታውሱ። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2006 በተከታታይ አምስት ዓመት የዓለም አገር አቋራጭን አጭርም ረጅምም ርቀት አሸንፏል፤ በ2008 ደግሞ ረጅሙን አሸንፎ በአዋቂዎች የግል ድሉን 11 አድርሷል። በዚያው ዘመን በ2004 5,000 ሜትርን በ12:37.35፣ በ2005 ደግሞ 10,000 ሜትርን በ26:17.53 ሮጦ ያስመዘገባቸው ክብረ ወሰኖች እስከ 2020 ድረስ አልተሰበሩም።

ኮረኮንች ለረጅሙ ቀን ነው። ከጫካው ይልቅ ወጥ ርምጃ ያስኬዳል፣ ከአስፋልቱ ይልቅ እግርን ያፍታታል። ልቅ ጠጠር ቁርጭምጭሚትን ስለሚፈትን ግን ርምጃን ማሳጠር፣ ዓይንንም ጥቂት ሜትሮች ወደፊት መጣል ይጠይቃል።

አስፋልት ለፍጥነት ቀን ነው። ሰዓት ለመለካትና ለጎዳና ውድድር ለመዘጋጀት የሚተካው የለም። አትሌቶች ወደ አቃቂ የሚወርዱት ቦታው ዝቅና ሞቅ ያለ፣ መንገዱም ለፈጣን ሩጫ የሚመች ስለሆነ ነው። ነገር ግን አስፋልት ተመሳሳይ ርምጃን በሺህ ጊዜ ስለሚያስደጋግም በልክ የሚወሰድ መድኃኒት ያድርጉት፤ በሳምንት አንድ ቀን ለብዙ ሰው ይበቃል።

ከለቡ ወደ ፉሪ

የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ነዋሪ ሦስቱንም መሬት ለማግኘት ሰርቪስ መጠበቅ የለበትም። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የመንገደኞች ባቡር መነሻ የሆነው የፉሪ–ለቡ ጣቢያ አካባቢ ከተማውና ገጠሩ የሚገናኙበት ጠርዝ ነው። የለቡና የጀሞ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,200 ሜትር ከፍታ ሲኖረው የፉሪ ተራራ ከ2,800 ሜትር ያልፋል። በተዳፋቱ ላይ እርሻና ባሕር ዛፍ ይፈራረቃሉ።

የከፍታው ልዩነት ቀላል አይደለም። በ2,200 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ፉሪ አናት ላይ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። ስለዚህ በአስፋልቱ ላይ የለመዱትን ፍጥነት ዳገቱ ላይ ይዤ እወጣለሁ ካሉ ከመንገዱ እኩሌታ በፊት ትንፋሽዎ ይቆረጣል። ዳገት የሚለካው በሰዓት ሳይሆን በወሬ ነው፦ ከጎንዎ ካለው ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር መነጋገር ካቃተዎት ይቀንሱ፤ ካስፈለገም ይራመዱ። ቁልቁለቱ ደግሞ ትንፋሽን ይምራል እንጂ ጭንን አይምርም። ሰውነትን የሚያቆመው የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ስለሚሠራ ሕመሙ የሚሰማው በማግስቱና በሠልስቱ ነው። ቀጥ ባለው ቁልቁለት ርምጃዎን አሳጥረው ይውረዱ።

አዲስ መንገድን መጀመሪያ በእግርዎ ይሂዱበት። የት ይጠባል? ውሻ ያለው ግቢ የቱ ነው? ከየት ነው የሚመለሱት? ጅማሬ ላይ ዞሮ የሚያወጣ መንገድ ከመፈለግ በሄዱበት መመለስ ይሻላል፤ ሲመለሱ መሬቱን ያውቁታል። በትንሹ አቃቂ ወንዝ ዳር ለመሮጥ ካሰቡም ወንዙ የከተማውን ፍሳሽ ተሸክሞ የሚወርድ መሆኑን አይርሱ፤ ፊትዎንም ቁስልዎንም አይታጠቡበት።

ወቅትና ሰዓት

በደቡብ አዲስ አበባ ሜዳ ላይ የሚበዛው ጥቁር መረሬ አፈር ነው። በክረምት ሲርስ ጫማ ላይ ተጣብቆ እግርን እንደ ድንጋይ ያከብዳል፤ በበጋ ሲደርቅ ደግሞ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ስለዚህ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም በኮረኮንች ይወሰኑ፤ የእግር መንገዱን ከጥቅምት ጀምሮ ይያዙት። በዚያ ወቅት ጤፉ እያፈራ ስለሆነ ከመንገዱ ወጥቶ ማሳ መርገጥ የሰው እንጀራ መርገጥ ነው።

ማልዶ መውጣት መልካም ቢሆንም ከብርሃን አይቅደሙ። ጅብ በአዲስ አበባ ዳርቻ ተረት አይደለም። ውሻ ከመጣብዎ ሩጫዎን ያቁሙ፤ የሚሸሽ እግር ያስከትለዋል። ፊትዎን ሳያዞሩ ቀስ ብለው ይራመዱ፣ ባለቤቱንም ይጥሩ። ከነከሰዎ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡ፤ በዚያው ቀንም ስለ እብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ቁስሉ ትንሽ ነው ብሎ ማደር በሕይወት መወራረድ ነው።

መንገዱ ባለቤት አለው

የገጠር መንገድ የስፖርት ሜዳ ሆኖ አልተሠራም፤ ውኃ የሚቀዳበት፣ ከብት የሚነዳበት፣ ወደ ገበያና ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚኬድበት ነው። ሸክም የያዘ ሰው ሲያገኙ መንገዱን ይልቀቁ፣ ከብት ሲያገኙ ይራመዱ። በፉሪ በኩል ኦሮምኛ ተናጋሪው ብዙ ስለሆነ በማለዳ «አካም ቡልተን» ማለት ይልመዱ። ይህ ጨዋነት ብቻ አይደለም፤ ሰላምታ የሰጡት ገበሬ ነገ ውሻውን የሚጠራልዎ፣ ጎርፍ የቆረጠውን መንገድ የሚነግርዎ እርሱ ነው። ከከተማው ጠርዝ አልፈው ከመውጣትዎ በፊት ስለ አካባቢው ሰላም የሚያውቅ ሰው ይጠይቁ፤ ቢያንስ ሦስት ሆነው ይሂዱ፤ መንገድዎንና የመመለሻ ሰዓትዎን ለቤተሰብ ይንገሩ። በተለይ ሴቶች ለብቻቸው አዲስ መንገድ አይጀምሩ።

የምዕራፉ ተግባር

ለቀጣዮቹ አራት ሳምንታት ርቀት መቁጠሩን ይተዉና በደቂቃ ይሩጡ።

1. ማክሰኞ፦ ሣር ወይም ለስላሳ አፈር ላይ 30 ደቂቃ፣ እያወሩ።
2. ሐሙስ፦ ጸጥ ባለ አስፋልት ላይ 10 ደቂቃ ካሟሟቁ በኋላ አንድ ደቂቃ ፈጠን፣ ሁለት ደቂቃ ዘና፤ ስድስት ጊዜ። በመጨረሻም 10 ደቂቃ በዝግታ።
3. ቅዳሜ፦ ኮረኮንች ላይ 45 ደቂቃ፤ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ይጨምሩ። በአራተኛው ሳምንት መጨመሩን ትተው ወደ 45 ይመለሱ።
4. እሑድ፦ ወደ ፉሪ ተዳፋት የእግር ጉዞ፣ ቀጣዩን መንገድ ለማጥናት።

በደብተርዎ ላይ ከየዕለቱ ሩጫ አጠገብ ሁለት ነገር ይጻፉ፦ መሬቱ ምን ነበር? በማግስቱ ምን አመመኝ? ከወሩ በኋላ ሁለቱን ዓምዶች ጎን ለጎን ሲያነቡ የትኛው መሬት እንደሚስማማዎ፣ የትኛውን መቀነስ እንዳለብዎ ከማንም አሠልጣኝ በፊት እግርዎ ይነግርዎታል። ኪሎ ሜትር መቁጠር ከፈለጉ ከዚያ በኋላ ይጀምሩ።