ከሚዛን አዲስ አበባ በአውቶቡስ፦ የልጃችንን የጡጦ ወተት እንዴት እንያዝ?

በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ ከልጄ ጋር አዲስ አበባ ልሄድ ነው፤ የቆርቆሮ ወተት ነው የሚጠጣው፤ ለመንገድ እንዴት ልያዝለት?»

ከሚዛን በቦንጋ፣ በጅማና በወልቂጤ አድርጎ አዲስ አበባ ለመግባት ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከቴፒ ለሚነሳ ደግሞ ይብሳል። ሙሉ ቀን መንገድ ላይ ማለት ነው።

አንድ ገጠመኝ ልንገራችሁ። ተረኛ ሆኜ አንዲት እናት የ5 ወር ልጇን ይዛ መጣች። ከአዲስ አበባ የገባችው በዋዜማው ነው። ወተቱን ሌሊት ቤቷ በጥብጣ ጡጦውን ሞላችው። ልጁ ግማሹን ጠጥቶ ተኛ። የተረፈውን «እንዳይቀዘቅዝበት» ብላ በጋቢ ጠቅልላ ከሰዓታት በኋላ ደግማ ሰጠችው። እኛ ጋ ሲደርስ በተቅማጥና በትውከት ዓይኑ ጎድጉዷል፣ እርግብግቢቱ ሰርጉዷል። እግዚአብሔር ይመስገን ታክሞ ዳነ። እናትየው ግን ሰንፋ አይደለም፤ የነገራት ሰው ስላልነበረ ነው።

ምክንያቱ ምንድነው? የዱቄት ወተት ከጀርም ሙሉ በሙሉ የጸዳ አይደለም። ተበጥብጦ ለብ ብሎ ሲቆይ ጀርም ይራባበታል። ጋቢው ደግሞ ሙቀቱን ይጠብቅለታል። ልጁ ከጠባው በኋላ ምራቁም ይገባበታል።

ስለዚህ ዋናው ነገር ይቺ ናት፦ ዱቄቱንና የፈላውን ውሃ ለየብቻ ያዙ፤ የምትበጠብጡት ልጁ ሲርበው ብቻ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት

1. ጡጦዎቹን በደንብ አጥባችሁ ቀቅሉ፣ አድርቁና ከድኑ። ለአንድ ቀን መንገድ 5 ወይም 6 ቢሆን ጥሩ ነው። ያን ያህል ከሌላችሁ ንጹሕ ትንሽ ኩባያ ያዙ። ስኒም ይሆናል። ሕፃን ቀና ተደርጎ ከታቀፈ በኩባያ በደንብ ይጠጣል፤ ኩባያ ከጡጦም ይልቅ ለማጠብ ይቀላል።

2. ለእያንዳንዱ ምግብ የሚበቃውን ዱቄት ለክታችሁ በደረቅ ንጹሕ ዕቃ ለየብቻ ያዙ። መኪና ሊበላሽ ይችላልና የ2 ጊዜ ትርፍ ጨምሩ።

3. ውሃውን አፍልታችሁ ወዲያው ፔርሙዝ ውስጥ ጨምሩ። የቡና ፔርሙዝ አይሁን፣ ለልጁ ብቻ የተለየ ይሁን። የታሸገ ውሃም ቢሆን መፍላት አለበት። አምቦ ውሃ በፍጹም!

መንገድ ላይ

4. መኪናው ሲቆም በጥብጡ፤ በሚሄድ አውቶቡስ ላይ ሙቅ ውሃ ልጁንም እናንተንም ያቃጥላል። ሳይደርስ ከራበው ለረዳቱ ንገሩት።

5. እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። መጀመሪያ ውሃው፣ ቀጥሎ ዱቄቱ። ውሃው ቢያንስ 70 ዲግሪ መሆን አለበት፤ ጀርሙን የሚገድለው ሙቀቱ ነው። ለብ ያለ ውሃ አይበቃም። ስለዚህ ቁርስና ምሳ ስትበሉ «የሚንተከተክ ውሃ» ብላችሁ ጠይቁና ፔርሙዙን በአዲስ ሙሉት።

6. ከተበጠበጠ በኋላ የተዘጋውን ጡጦ ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳህን ውስጥ አቁማችሁ አብርዱት። እጃችሁ አንጓ ላይ ጠብ አድርጋችሁ ሞክሩት።

7. ተበጥብጦ 2 ሰዓት ያለፈው ይደፋ። ልጁ መጥባት ከጀመረ 1 ሰዓት ካለፈው የተረፈው ይደፋ። የወተት ዋጋ ስንት እንደሆነ አውቃለሁ፣ መድፋት ያንገበግባል። ስለዚህ ትንሽ ትንሽ በጥብጡ።

ወተት አይቅጠን!

«እንዲቆይልኝ» ብሎ ውሃ ማብዛት አደገኛ ነው። ልጁ ይከሳል፤ በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ሲቀንስ ደግሞ እስከ ማንቀጥቀጥ ያደርሰዋል። ማወፈርም ያደርቀዋል። በቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን መጠን፣ በራሱ ማንኪያ፣ ሳይቆለል። ከ6 ወር በታች ለሆነ ልጅ የአብሽ ውሃ፣ ሻይ፣ የላም ወተት አይሰጥም።

ጡት ለምታጠቡ እናቶች

አንዳንዶቻችሁ «አውቶቡስ ላይ ሰው ያየኛል» ብላችሁ ለመንገድ ብቻ ጡጦ ትጀምራላችሁ። እባካችሁ ተዉት! ጡት አይበላሽም፣ ፔርሙዝ አይፈልግም። አንድ ነጠላ ይበቃል።

መቼ ነው ወደ ጤና ተቋም የምንሮጠው?

- መጥባት እምቢ ካለ
- የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ
- ከፈዘዘ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ዓይኑ ከጎደጎደ
- ተቅማጡ ደም ካለው
- ከ3 ወር በታች ሆኖ ሙቀቱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ

ይህን ካያችሁ «አዲስ አበባ ስንደርስ» አትበሉ። ቦንጋም ጅማም ሆስፒታል አለ፤ ውረዱ። እስክትደርሱ መጥባት ከቻለ ማጥባታችሁን አታቁሙ፤ ተቅማጥ ካለው ኦ.አር.ኤስ. በፓኬቱ መጠን በጥብጣችሁ በትንሽ በትንሹ ስጡት።

ያለጊዜያቸው ለተወለዱና ከ2 ወር በታች ላሉ ልጆች ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን፤ ጉዞው የማያስቸኩል ከሆነ ቢቆይ ይሻላል።

ሰሞኑን ልጅ ይዛ የምትጓዝ እህት ካለቻችሁ ላኩላት። መልካም መንገድ!