የሻወር ጠጠር ወለል፤ ወጪው ያለው ከድንጋዩ ሥር ነው

በግንባታ ዕቃ መደብሮች ከሴራሚኩ ጎን ተደርድሮ የሚታየው የጠጠር ንጣፍ የቤት አሠሪውን ዓይን ይስባል። ንጣፉ ድቡልቡልና ልሙጥ ጠጠሮች በመረብ ላይ ተለጥፈው፣ አብዛኛውን ጊዜ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ሆነው የሚሸጡበት ነው። በዓለም ገበያ ከታወቁት አቅራቢዎች አንዷ ኢንዶኔዥያ ናት። ገዢው መደብር ሲገባ የሚጠይቀው የአንዱን ንጣፍ ዋጋ ሲሆን፣ የሒሳቡ ስህተት የሚጀምረውም እዚሁ ላይ ነው።

90 በ90 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሻወር የሚበቃው 9 ንጣፍ ነው፤ ለቁርጥራጭና ለማሟያ ሲታሰብ 10 ወይም 11 ይሆናል። ስለዚህ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤትን የሚያከስረው ድንጋዩ ሳይሆን ውኃው ነው። ብዙ ሰው ወለሉን ከውኃ የሚጠብቀው ከላይ የሚታየው ንጣፍ ይመስለዋል። ይሁንና በጠጠሮቹ መካከል የሚሞላው ሲሚንቶ፣ ግራውት የሚባለው፣ ውኃ ያሳልፋል። ውኃውን የሚያቆመው ከንጣፉ በታች የሚቀባው ወይም የሚለበጠው የውኃ መከላከያ ብቻ ነው። እሱ ከተዘለለ ጉዳቱ የሚታየው በታችኛው ፎቅ ተከራይ ኮርኒስ ላይ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ጠጠሩን በደህና ነቅሎ መልሶ መለጠፍ ስለማይሆን ሥራው ከሶሌታው እንደገና ይጀመራል።

በመሆኑም ጥንቁቅ አሠሪ ጠጠሩ ከመለጠፉ በፊት ወለሉን ይፈትናል። የውኃ መውረጃው ይደፈናል፣ ወለሉ ላይ ውኃ ይሞላል፣ ከፍታው በእርሳስ ምልክት ይደረግበትና 24 ሰዓት ይቆያል። ውኃው ከምልክቱ በግልጽ ከወረደ ወይም ከታች እርጥበት ከታየ ሥራው አላለቀም ማለት ነው። ከኮንትራክተሩ ጋር በሚደረገው ውል ውስጥ አንዱን ክፍያ ከዚህ ፈተና ጋር ማያያዝ ከማንኛውም ማስጠንቀቂያ የበለጠ ይሠራል።

ሁለተኛው ጉዳይ ተዳፋቱ ነው። የተለመደው መጠን በአንድ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በተጠቀሰው ሻወር ውስጥ መውረጃው አንዱ ጥግ ላይ ከሆነ ተቃራኒው ጥግ በ127 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ስለሚገኝ፣ ከፍታው 2.5 ሴንቲ ሜትር ግድም መብለጥ አለበት። ይህ በሊሾው የሚወሰን እንጂ በኋላ በማጣበቂያ የሚስተካከል አይደለም። ጠጠር በባሕርይው ወጣ ገባ ስለሆነ ተዳፋቱ ካነሰ ውኃው በየድንጋዩ መሐል ይተኛል። አናታቸው ተቆርጦ የተስተካከለላቸው ጠጠሮች ከዚህ አንጻር ይሻላሉ፤ ለአረጋውያን እግርም ይመቻሉ።

በአቀማመጥ በኩል የብዙ ሠራተኞች ችግር ንጣፎቹን እንደ ሴራሚክ በቀጥታ መደርደር ነው። መጋጠሚያው መስመር ሠርቶ ይታያል፣ ውበቱም ይጠፋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በመጋጠሚያው ላይ ጥቂት ጠጠሮችን ከመረቡ አላቆ ክፍተቱን በእጅ እየመረጡ መሙላት ነው። ጊዜ ስለሚወስድ ግን የእጅ ዋጋው ከሴራሚክ ይበልጣል።

ግራውቱ ጠለቅ ያለ ሒሳብ ይፈልጋል። 30 ሴንቲ ሜትር ሴራሚክ በ3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሲነጠፍ ግራውቱ የወለሉን 2 በመቶ ያህል ብቻ ይይዛል። በጠጠር ወለል ድርሻው የዚህ ብዙ እጥፍ ነው። የሳሙና ዝቃጭና ሻጋታ የሚቀመጡት እዚያው ላይ በመሆኑ ነጭ ግራውት መምረጥ ለጽዳት ሠራተኛዋ ዕዳ መተው ነው፤ አመድማ ቀለም ይመረጣል።

ውኃ የሚመጥ ድንጋይ ግራውት ከመሞላቱ በፊት አንድ ጊዜ፣ ግራውቱ ከደረቀ በኋላም እንደገና ማሸጊያ ይቀባል። ማሸጊያው እድፍን ያዘገያል እንጂ የውኃ መከላከያውን አይተካም። ጊዜው ማለፉ የሚታወቀው ደረቁ ወለል ላይ ጥቂት ውኃ ጠብ በማድረግ ነው፤ ውኃው ሰርጎ ድንጋዩን ካጠቆረው መቀባት ያስፈልጋል። በየቀኑ እንግዳ የሚታጠብበት ክፍል ከመኖሪያ ቤት ቀድሞ ይደርሳል።

በጽዳት በኩል አቼቶ፣ ሎሚና አሲድነት ያላቸው ማጽጃዎች የዕብነ በረድንና የኖራ ድንጋይን ገጽ ይበላሉ፤ ግራውቱንም አይምሩትም። እነዚህን ከበረኪና ጋር መቀላቀል ደግሞ መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ የሰው ጤና ጉዳይ ይሆናል። ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና፣ ብሩሽና ብዙ ውኃ ይበቃል፤ ከዚያም መስኮቱን ከፍቶ ማድረቅ።

ታዲያ ለማን ያዋጣል? ባለቤቱ ራሱ ለሚኖርበት ቤት ወይም መልኩን አሳይቶ ክፍል ለሚያከራይ፣ ቋሚ የጽዳት ሠራተኛ ላለው ማረፊያ ይሆናል። ተከራይ በየጊዜው ለሚቀያየርበትና ማሸጊያውን የሚከታተል ለሌለበት አፓርታማ ግን ሸካራ ሴራሚክ የተሻለ ነው። ጠጠሩን የወደደ አከራይ ከሻወሩ ግድግዳ ላይ አንድ መስመር ቢያስለጥፍ ዓይኑ ይረካል፣ ውኃም አይተኛበትም።